መልህቅ ለሁለት ሰው

«ምላስሽ ነው እንጂ እግርሽ የትም አይደርስም» አለችኝ እናቴ ፊቴን እያየች፣ እጇን ከሳሙናው ውኃ ሳታወጣ።

ይህን ያስታወሰኝ ጃኬት ነው። ዛሬ ጠዋት አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሠፈር ባለችው ክፍሌ ውስጥ፣ ለሰው ልሰጠው ብዬ አሮጌውን ሰማያዊ ጃኬት ከቁም ሳጥን ሳወጣ፣ ዚፑ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረች ካርቶን አገኘሁ። ጀርመን አገር፣ በረዶ ላይ በስኪ የሚንሸራተቱበት ጉብታ ላይ የሰጡኝ የሊፍት ቲኬት ናት። ቀለሟ ለቋል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት የእርጥብ ሱፍና የናፍጣ ሽታ መጣብኝ። ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ካርቶን የሚሸተው ካርቶን ነው። እኔን ግን ሸተተኝ፣ ጃኬቱንም መልሼ ሰቀልኩት።

እናቴ ያን ቃል የተናገረችኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ሆላንድ፣ ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ አን ደን አይሰል፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ። አምስተርዳም ካለ አንድ ሆስፒታል ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር፤ በጋውን ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው እየሠራሁ ነርስነት እንድማር፣ መኝታም እንዲሰጠኝ። ከደብዳቤው ጋር አንድ ቅጽ ነበረ። ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው አባት ይፈርማል ይላል። አባቴ ደግሞ አልፈርምም ብሏል።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ራት ላይ፣ ሹካውን ሳያስቀምጥ፣ «እዚህ ጋ ፈርምልኝ፣ አምስተርዳም ልሄድ ነው» አልኩት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ነገር ማለሳለስ አላውቅበትም። አባቴ ቅጹን በሁለት ጣቱ ገፋው። «አንዴ ከቤት ወጥተን የተበተንነው ይበቃል» አለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ባነሣሁ ቁጥር ወይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል፣ ወይ ጫማውን አድርጎ ይወጣል። ቅጹ ፖስታ ቤት መግባት ያለበት ሰኞ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው እንግዲህ እናቴ ስለ ምላሴና ስለ እግሬ የተናገረችው።

«ሽማግሌ ላኪበት» አለችኝ ቀጥላ።

«ሽማግሌ የሚላከው ለሚያገባ ነው።»

«አንቺስ የምትፈልጊው ከአባትሽ ቤት መውጣት አይደል? ያው ነው።»

ሽማግሌ ሲባል አንድ ሰው ብቻ ነበሩን። ጋሼ እንላቸዋለን። አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት፣ አባቴ እሳቸው ፊት እግሩን የማያነባብርላቸው ሰው ናቸው። ሆላንድ ከመጡ በኋላ ስኬቨኒንገን ባሕሩ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሳህን ያጥቡ ነበር። «አሁን የምፈርደው በሹካና በማንኪያ መካከል ነው» ይላሉ፣ እየሳቁ፤ የሚስቁት ግን ሌላው ሰው ቀድሞ እንዳይስቅባቸው ነበር። ደወልኩላቸውና ጉዳዩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው።

«ልጅ ስትጠየቅ እንጂ ራሷን ስታስጠይቅ አላየሁም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፦ «አባትሽ ሊሸሽ የማይችልበት ቦታ የት ነው?»

አሰብኩ። የሠፈራችን መሰብሰቢያ ቤት በር ላይ ለቅዳሜ የተለጠፈ ወረቀት ነበረ፤ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ወደ ጀርመን፣ የስኪ ኪራይና ሊፍት ጨምሮ፣ ምሳ ከቤት ይዞ። እህቴ ወረቀቱን ካየች ጀምሮ ስትለምን ከርማለች። አባቴ ደግሞ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ እዚህ የሮተርዳም ቢሮዎችን ወለል ሲወለውል ቢውልም፣ ተራራ ከተባለ እምቢ አይልም።

«አውቶቡስ ውስጥ ነው» አልኳቸው።

ዓርብ ማታ መጥተው እኛ ዘንድ አደሩ። ሲነጋጋ ወጣን። ጋሼ ከካፖርታቸው ሥር ከረባት አስረው ነበር፤ ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱበት ከረባት። እናቴ ሽሮ ሠርታ በትልቁ ቴርሞስ ሞልታዋለች፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር እዚያ የሚሸጠው ቋሊማና የሥጋ ሾርባ አይሆንልንም። ጎረቤታችን ሆላንዳዊት አውቶቡሱ ውስጥ ቴርሞሱን አይታ «ቡና ነው?» ብትላት፣ እናቴ «ያ፣ ያ» አለቻት፤ አዎ፣ አዎ ማለቷ ነው። ሽሮን በደች ቋንቋ ከማስረዳት መዋሸት ይቀላል።

ጋሼ ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። አባቴ ወዲያው ተኛ። ዓይኑ ተከድኗል፣ ቅንድቡ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲሁ ሄድን፤ መስኮቱ ላይ የሰው ትንፋሽ ጠል ሠርቷል፣ የእርጥብ ጓንትና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አውቶቡሱን ሞልቶታል። ድንበር ላይ ፖሊስ ሲገባ አባቴ ሰማያዊዎቹን የስደተኛ መጓጓዣ ሰነዶች ሊያወጣ ነቃ።

«ከነቃህ አይቀር» አሉ ጋሼ።

«ፖሊስ እያለ፣ ጋሼ?»

ፖሊሱ ወረደ። አባቴ መልሶ ተኛ።

ቦታው እንዳሰብኩት አልነበረም፤ ለኛ ግን በቂ ነበር። ጭቃ የሞላበት የመኪና ማቆሚያ፣ አንድ የእንጨት ቤት፣ ውጪ የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሰውን ወደ ላይ የሚጎትት አንድ ሊፍት። ከላይ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት ግንድ፣ ሙዚቃው ግማሹ ነፋስ የሚወስደው። ሆላንዶቹ በጂንስ መጥተዋል፤ እናቶች የልጆቻቸውን እግር በዳቦ ላስቲክ ጠቅልለው ጫማ ውስጥ ይከቱ ነበር። የኪራዩ ጫማ የማናውቃቸው ሰዎች እግር ይሸታል። አባቴ ጉብታውን ቀና ብሎ አየው።

«ይሄ ተራራ ነው?» አለ። «እንጦጦ ይሄን ዘመዴ ነው ብሎ አይቀበለውም።»

ያም ሆኖ ስኪውን አጥልቆ ወጣ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ። እስከ ቀትር ድረስ እንደ ወንበር ጉልበቱን አጥፎ መውረድ ቻለ። እኔ ከእሱ ቀድሜ ነው የቻልኩት፤ መውደቅን ስለማልፈራ ሳይሆን ለማቆም ስለማላስብ። እህቴ ከሁላችንም በለጠች። ጋሼም በአውቶቡሱ ዋጋ ውስጥ ነው ስለተባሉ ስኪያቸውን አድርገዋል፤ ጠዋቱን በሙሉ ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ሁለቱን ዱላዎች ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ማሕሌት ላይ በመቋሚያ እንደቆመ ደብተራ ቆመው አረፈዱ። እህቴ እየተንሸራተተች በአጠገባቸው ስታልፍ «ኦፓ፣ ና እንጂ፣ አንተ ፈሪ ነህ» ትላቸዋለች። አያት ማለቷ ነው፣ በደች። እናቴ «እርስዎ በይ» ብላ ትጮሃለች። ጋሼ «ተዪያት፣ እውነቷን ነው» ይላሉ።

ከጋሼ በቀር ሌሎቻችን ምሳ በላን። ቅዳሜ ቢሆንም እሳቸው በልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። እኔ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር፤ ሊፍቱ አሥር ሰዓት ይቆማል፣ አውቶቡሱ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይነሣል፣ አባቴም ሲመለስ እንደገና እንደሚተኛ አውቃለሁ። ቅጹ በላስቲክ ተጠቅልሎ የጃኬቴ ውስጥ ኪስ ነበር። ዘጠኝ ሲሆን እናቴ ለጋሼ ሽሮውን በክዳኑ ቀዳች፣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። አልተቀበሏትም።

«ጾሜ አልቋል፤ ጉዳዬ ግን አላለቀም» አሉ። «ሳይፈጸም አልቀምስም።»

እናቴ ሽሮውን ወደ ቴርሞሱ መለሰችው። ይህን ቃል አባቴ በሚገባ ያውቀዋል። በጋብቻ ጥየቃ ላይ፣ በዕርቅ ላይ፣ ሽማግሌ አልቀመጥም፣ አልበላም ሲል፣ ባለቤቱ ወይ እሺ ይላል ወይ ለዘለዓለም ይወቀሳል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሽርሽር ነው» አለ አባቴ። ብድግ ብሎ ስኪውን አነሣ። «ሊፍቱ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ልውጣ።»

ሄደ። ቅጹን ካሳየሁት ወዲህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሄደብኝ። ጋሼ የዳቦውን ቁራጭ በመሐረብ ላይ አስቀመጡ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ስኪያቸውን እየጎተቱ ተከተሉት።

ሊፍቱን ላስረዳ። ወንበር አይደለም። ከላይ የሚዞር የሽቦ ገመድ አለ፤ ከገመዱ የተንጠለጠለ፣ መልህቅ የሚመስል እንጨት ይመጣል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል፣ እንጨቱን ከኋላው ያስገባል፣ ገመዱ ይጎትተዋል። መቀመጥ አይቻልም። የሊፍቱ ሰውዬ፣ ቀይ ጉንጭ ያለው ጀርመን፣ ቀኑን ሙሉ «አትቀመጡ፣ አትቀመጡ» ሲል ነው የዋለው።

አባቴ ተራው ሲደርስ ጋሼ ከኋላው ደረሱ። አባቴ ሽማግሌ ከኋላው ቆሞ እሱ ሊቀድም አይችልም። ዞር ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ አንተ ቅደም። አንተ ነህ ቀድመህ የተሰለፍከው።»

«አይገባም። እርስዎ እያሉ?»

«እንግዳ ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም። ግባ።»

«በሞቴ፣ ጋሼ።»

«እኔ ልሙት፣ አንተ።»

አንድ መልህቅ ባዶውን ሄደ። ሁለተኛው ሄደ። ሦስተኛው የአባቴን ትከሻ ነካ አድርጎት ሄደ። ከኋላ ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንድ ሆላንዳዊ «ወይ ውጡ ወይ ውረዱ» አለ። የሊፍቱ ሰውዬ እጁን ያወናጭፋል። ሁለቱ ግን አንገታቸውን ደፋ ቀና እያደረጉ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ እየገፋ፣ እዚያው ናቸው። አባቴ ሽሽቱን ረስቶት ነበር፤ ቢቀድም ኖሮ ብቻውን ላይ ይደርስ ነበር።

እኔ መታገሥ አልችልም። እየተንሸራተትኩ ሰልፉን አልፌ በመካከላቸው ገባሁ።

«ለሁለት ሰው ነው» አልኳቸው። «መቅደም የለም። ጎን ለጎን።»

የሁለቱንም ጀርባ ገፋሁ። ሰውዬው መልህቁን ያዘልኝና ከኋላቸው አስገባልኝ። ሄዱ።

ከታች ሆኜ አየኋቸው። ጥቁር ካፖርትና ቡናማ ጃኬት፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ቀስ እያሉ ነጩ ላይ ወጡ። ፀሐይዋ ከጥዶቹ ጀርባ ዝቅ ብላ በረዶውን ሰማያዊ አድርጋው ነበር። የጋሼ ራስ ወደ አባቴ ዘንበል አለ፤ መናገር ጀምረዋል። የአባቴ ራስ ወደ ፊት እንደተተከለ ቀረ። መሸሻ የለውም፤ ቢለቅ ሁለቱም ይወድቃሉ። እናቴ መጥታ ከጎኔ ቆመች፣ ቴርሞሱን አቅፋ።

ግማሽ መንገድ ላይ ጋሼ ወደ ቀኝ ሄዱ። ወደቁ። አባቴ መልህቁን ይዞ መቀጠል ይችል ነበር። ለቀቀው።

መጀመሪያ የመጡት የጋሼ ስኪዎች ናቸው። ሁለቱም ወልቀው፣ ሰው የሌለባቸው፣ ተከታትለው ወደ ታች ወረዱና የሰልፉን አጥር መትተው ቆሙ። ቀና ስል ጋሼ ከሊፍቱ መንገድ ወጣ ብለው በጉልበታቸው ነበሩ። ሁለቱም ጉልበታቸው በረዶው ላይ፣ ባርኔጣቸው የለ፣ ሽበታቸው ከነጩ ጋር ተመሳስሎ። አባቴ በላያቸው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ክንዳቸውን ይስባል። አይነሡም። ነፋሱ አንድ ቃል ብቻ ደጋግሞ አመጣልን፦ «ይነሡ። ይነሡ።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ» አለች። «ትልቅ ሰው በበረዶ አንበረከክሽ።»

  ወደ ላይ ልሮጥ ብዬ ስኪዬን ፈታሁ፣ ግን እግሬ እዚያው ቀረ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። መልህቆቹ በአጠገባቸው እያለፉ፣ ሰዎቹ ዘወር እያሉ እያዩ፣ አንድ ሽማግሌ በረዶ ላይ ተንበርክከው አባቴ ቆሞ። ከዚያ አባቴም ቁጭ አለ። ጋሼን በብብታቸው ይዞ አስቀመጣቸው፣ በረዶውን ከጉልበታቸው ላይ በጓንቱ አራገፈ፣ አንዱን ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን። ሰው የልጁን ልብስ እንደሚያራግፍ።

በእግራቸው ወረዱ። አባቴ የራሱን ስኪ በአንድ ትከሻው ተሸክሟል፤ በሌላው ክንዱ ጋሼን። ሲደርስ ፊቴን አላየም።

«ወረቀቱ የታለ?» አለ።

አወጣሁ። አግዳሚው ላይ ዘረጋው፣ ነፋስ እንዳይወስደው ቴርሞሱን ጫፉ ላይ አስቀመጠበት። እናቴ ከቦርሳዋ እስክሪፕቶ ሰጠችው። አልጽፍ አለ። ቀለሙ በብርድ ደርቆ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ «እንግዲህ ቤት» ቢል ማን ይወቅሰዋል? እስክሪፕቶውን አፉ ውስጥ አስገብቶ ተነፈሰበት፣ በመዳፎቹ መካከል አሸው፣ የዳቦውን ወረቀት ጫፍ ላይ ክብ ክብ እየሳለ ሞከረ። በመጨረሻ ሰማያዊ መስመር መጣ። ፈረመ። እጁ ስለደነዘዘ ፊርማው የእሱ አይመስልም ነበር፤ ትልቅ ትልቅ ፊደል፣ አዲስ ጽሕፈት የሚማር ልጅ የጻፈው የመሰለ።

«አሁን ይብሉ፣ ጋሼ» አለ።

ጋሼ ሽሮውን በዳቦ በሉ። ገና ለብ ያለ ነበር። ጎረቤታችን በአጠገባችን ስታልፍ ቡና ነው ያልናትን በዳቦ እያጠቀሱ ሲበሉ አይታ ቆም አለች፣ ቴርሞሱን ደግማ አየችና ሄደች።

ስንመለስ አባቴ የምሩን ተኛ። ራሱ መስኮቱ ላይ ሲንቋቋ እንኳ አልነቃም። እህቴም ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው።

«ወድቀው ነው ወይስ ተንበርክከው?»

«ዳኛ ምስክር አይሆንም» አሉ። ከረባታቸውን ፈትተው በጥንቃቄ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«አባቴስ ምን አለ?»

«እሱን እሱን ጠይቂው።»

አባቴን ጠይቄው አላውቅም። ጋሼን ግን አንድ ጊዜ እንደገና ጠይቄያቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ዴን ሃግ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ከሥራ ወጥቼ በባቡር ሄጄ ነበር። ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው፣ ውኃ አጠጣኋቸው፣ እንደለመድኩት በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። «መዝገቡ ተዘግቷል» አሉኝ። በሳምንቱ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ አባቴ ካፖርቱ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ እስኪነካው ተንበርክኮ አፈር ሲያለብስ አየሁት፤ ማንም «ተነሥ» አላለውም።

አሁን ሃያ አንድ ሞልቶኛል። ፊርማ የሚጠይቀኝ የለም።

የወጣሁት በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። እናቴ ሥራ ነበረች፤ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ፈረቃ አይለወጥም። ሌሊት ግን ተነሥታ ሻንጣዬን ፈትታ እንደገና አስራዋለች፤ ከፎጣዬ መካከል የሽሮ ዱቄት ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ ነበር። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «ክፍሉ የኔ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ ስላት አለቀሰች። አባቴ ሻንጣውን ይዞ እስከ ከተማው ባቡር፣ እስከ ሜትሮው አብሮኝ መጣ። ሮተርዳም ባቡር ጣቢያ ድረስ ሊሸኘኝ ነበር፤ ሁለት ቲኬት ነው የያዘው። መንገድ ላይ ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ቁልቁለት ውኃ፣ እዚህ አገር ውኃ የሚወርድበት ስለሌለው በፓምፕ ስለመገፋቱ፣ የጂኦግራፊ መምህር እንደሚያወራው።

ሜትሮው መጣ። በሩ ተከፈተ። አባቴ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ቅደሚ» አለኝ።

ገባሁ። ዞር ስል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር። በሩ ተዘጋ።